የስብዕና ፈተናን በአግባቡ የመውሰድና ውጤቱን የመረዳት መመሪያ

የተማርኩት ሥነ ልቡና ነው፤ እንጀራዬን የማገኘው ግን ከፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ አቅራቢያ የጽሕፈትና የኅትመት አገልግሎት እሰጣለሁ። ትምህርቴን የሚያውቁ ደንበኞች የስብዕና ፈተና ውጤታቸውን ሊያሳትሙ ሲመጡ፣ ወረቀቱ ከማሽኑ ሳይወጣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሡልኛል፦ «አይ ኤን ኤፍ ፒ ነህ ብሎኛል፤ ምን ማለት ነው? የትኛው ዲፓርትመንት ይሻለኛል?» የዲፓርትመንት መምረጫ ሰሞን ሲሆን ይህ ጥያቄ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይመጣል። ከኋላ ወረፋ የያዘ ሰው እየጠበቀ በአምስት ደቂቃ የሚመለስ ባለመሆኑ፣ ፈተናውን ከመምረጥ አንሥቶ ውጤቱን እስከ መፈተሽ ያለውን አሠራር እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። መመሪያው ነጻ ፈተናን በስልክ ወይም በወረቀት ለሚወስድ ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ባለሙያ በክፍያ የሚሰጣቸውን ፈተናዎች አይመለከትም።

በቅድሚያ፦ ሁለቱን የፈተና ዓይነቶች ይለዩ

ይህን ሳይለዩ ወደ ሥራው መግባት ኋላ ውጤቱን ሲያነቡ ያደናግርዎታል። የመጀመሪያው ወገን ሰውን በዓይነት የሚመድብ ነው። በስፋት የሚታወቀው የማየርስ ብሪግስ አመዳደብ አራት ጥንዶች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ፊደል እየተወሰደ 16 ዓይነቶች ይወጣሉ። «ኢ» ከሰዎች መሐል ብርታት የሚያገኝ፣ «አይ» ደግሞ ለብቻው ሲሆን ብርታቱ የሚመለስለት ሰው ነው። «ኤስ» በሚታይና በሚጨበጥ ዝርዝር፣ «ኤን» በአጠቃላይ ሐሳብና በውስጣዊ ግንዛቤ ላይ ያተኩራል። «ቲ» ሲወስን አመክንዮን ያስቀድማል፤ «ኤፍ» የሰዎችን ስሜትና የራሱን እሴት። «ጄ» ነገሩ ታቅዶና ተቆርጦ እንዲያልቅ ይፈልጋል፤ «ፒ» አማራጩን ክፍት አድርጎ መቆየት ይቀናዋል። የውስጣዊ ግንዛቤ ፊደል «አይ» መሆን ሲገባው «ኤን» የሆነው «አይ» በመጀመሪያው ጥንድ ስለ ተያዘ ብቻ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሁለተኛው ወገን ሰውን በሣጥን አይከትም፤ እያንዳንዱ ባሕርይ በምን ያህል መጠን እንዳለ ይለካል። በሥነ ልቡና ጥናት ውስጥ የበለጠ የሚሠራበት «ቢግ ፋይቭ» የሚባለው ሲሆን፣ የሚለካቸው አምስት ባሕርያት ለአዲስ ሐሳብ ክፍት መሆን፣ ሥርዓታማነትና ኃላፊነት፣ ተግባቢነት፣ ለሰው ማዘንና መተባበር፣ እንዲሁም ኒውሮቲሲዝም የሚባለው የመጨነቅና ቶሎ የመረበሽ ዝንባሌ ናቸው። ማንኛውም ሰው አምስቱም አሉት። ልዩነቱ በመጠኑ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

– ኢንተርኔት ያለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ወይም የታተመ መጠይቅ። በክረምት መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ጊዜ የታተመውን እመክራለሁ፤ ብዙ ድረ ገጾች ግንኙነቱ ሲቋረጥ የተሞላውን መልስ አያስቀምጡም፣ እንደገና ሲጀምሩ ደግሞ ተሰላችተው በችኮላ ይሞላሉ።
– ደብተርና እስክርቢቶ።
– ለአጭሩ ፈተና 10 ደቂቃ፣ ለረጅሙ እስከ 40 ደቂቃ የማይቋረጥ ጊዜ።
– መዝገበ ቃላት፣ ወይም እንግሊዝኛ በደንብ የሚችል ሰው።
– ቢያንስ ለሁለት ዓመት በቅርብ የሚያውቅዎ ጓደኛ።
– መቀስ። አገልግሎቱ በደረጃ 8 ላይ ይገለጻል።

ደረጃ 1፦ ለምን እንደሚወስዱት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ዓላማውን አስቀድሞ መጻፍ የሚያስፈልገው ትክክለኛው ፈተና እንደ ዓላማው ስለሚለያይ ነው። ራስዎን በተሻለ ማወቅ ከፈለጉ የስብዕና ፈተና ይበቃል። የሚፈልጉት ዲፓርትመንት ወይም የሥራ መስክ መምረጥ ከሆነ ግን ከስብዕና ፈተናው በፊት የዝንባሌ መጠይቅ መሙላት ይኖርብዎታል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ያዘጋጀው «ኦኔት ኢንተረስት ፕሮፋይለር» በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ አጭሩ ቅጽ 60 ጥያቄዎች አሉት። የሚጠይቀው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆኑ ሳይሆን የትኛውን ሥራ መሥራት እንደሚወዱ ነው፤ መልስዎንም በስድስት መደቦች ይከፍለዋል። እነዚህም በእጅና በመሣሪያ የሚሠራ (በርጩማ መጥረብን ወይም ሞተር መፍታትን ያስቡ)፣ መመርመርና ማጥናት፣ ኪነ ጥበብ፣ ሰውን መርዳትና ማስተማር፣ መምራትና መነገድ፣ በመጨረሻም መዝገብና ሥርዓት መያዝ ናቸው። «አይ ኤን ኤፍ ፒ ነኝ፤ ነርሲንግ ልግባ ወይስ አካውንቲንግ?» ለሚል ሰው ከአራቱ ፊደላት ይልቅ የዚህ መጠይቅ ውጤትና የራሱ ትራንስክሪፕት የተሻለ መልስ ይሰጡታል።

ደረጃ 2፦ ፈተናውን ይምረጡ

ጥያቄዎቹና የነጥብ አሰጣጡ በግልጽ የሚታይ ፈተና ይምረጡ፤ ውጤቱ ከየት እንደ መጣ ማየት ካልቻሉ ማመን ወይም መጠራጠር እንጂ መፈተሽ አይችሉም። «ኢንተርናሽናል ፐርሰናሊቲ አይተም ፑል» በሚባለው የጥያቄ ክምችት ውስጥ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች ማንም ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው የተለቀቁ ናቸው። ከዚህ ክምችት የተዘጋጁ ባለ 20፣ ባለ 120 እና ባለ 300 ጥያቄ ፈተናዎች አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወስድ ሰው ባለ 120ው ተስማሚ ነው። ባለ 20ው እያንዳንዱን ባሕርይ በአራት ጥያቄ ብቻ ስለሚለካ አንድ ጥያቄ በስሕተት ቢመለስ ውጤቱ በእጅጉ ይናጋል፤ ይሁን እንጂ በእጅ ለማስላት ስለሚመች አሠራሩን የማሳየው በእርሱ ነው።

ባለ አራት ፊደሉን መውሰድ ከፈለጉ፣ በነጻ የሚያገኙት ፈተና የማየርስ ብሪግስን ፊደላት የተዋሰ እንጂ ራሱ እንዳልሆነ ይወቁ፤ ዋናው በክፍያና በሠለጠነ ሰው በኩል የሚሰጥ ነው። አንዳንድ ነጻ ድረ ገጾች ከአራቱ ፊደላት በኋላ ሰረዝ አድርገው «ኤ» ወይም «ቲ» ይጨምራሉ። ይህ አምስተኛ ፊደል በማየርስ ብሪግስ ውስጥ የሌለ፣ በራስ መተማመንንና መረበሽን ለማመልከት የተጨመረ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው «ቲ» አመክንዮን ከሚያመለክተው «ቲ» ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያነቡ ብዙ ደንበኞች አጋጥመውኛል።

ደረጃ 3፦ ጊዜውንና ሁኔታውን ይወስኑ

ፈተናው የሚለካው የዘወትር ባሕርይዎን እንጂ የዕለቱን ስሜት አይደለም፤ የሚመልሰው ግን የዕለቱ ስሜት ያደረበት ሰው ነው። ስለዚህ በፈተና ሳምንት፣ ከሰው ጋር በተጣሉበት ቀን፣ በለቅሶ ሰሞን ወይም እንቅልፍ ባጡበት ዕለት አይውሰዱት። እዚህ ጅማ ይህን ሳይጨምሩ ማለፍ አይቻልም፦ ጫት ቅመው ምርቃና ላይ ሳሉ አይሙሉ፣ በማግሥቱ ዱካክ ተጫጭኖዎት ሳለም አይሙሉ። በምርቃና ሰዓት ሁሉም ዕቅድ የሚፈጸም፣ ሁሉም ሰው የሚወደድ ይመስላል፤ «ሥራዬን በጊዜው እጨርሳለሁ» ለሚለው ዓረፍተ ነገር ያለ ማመንታት 5 ይሰጡታል። ዱካኩ ሲመጣ ያው ሰው ለዚያው ዓረፍተ ነገር 2 ይሰጣል።

ጠዋት፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ለብቻ ሆኖ መሙላት ጥሩ ነው። ጓደኞች ከበውዎት እየሣቁ የሚሞሉት ፈተና የእነርሱን ፊት አይተው የመለሱት ነው።

ደረጃ 4፦ ዓረፍተ ነገሮቹን ከመመለስዎ በፊት ወደ ራስዎ ቋንቋና ኑሮ ያምጧቸው

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ሰዎች ይበዛሉ፤ እኔ ያየሁት ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚሁ ነው። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ባለ 20ውን ፈተና በእንግሊዝኛ ሞልታ ስታመጣልኝ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ 1 ን ሁለት ጊዜ አክብባበት ነበር። ጥያቄው «አይ አም ዘ ላይፍ ኦቭ ዘ ፓርቲ» ይላል። ለምን ሁለት ጊዜ እንዳከበበችው ብጠይቃት «እኔ የማንም ፓርቲ አባል አይደለሁም፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ መፈረምም አልፈልግም» አለችኝ። ጥያቄው ስለ ፖለቲካ ድርጅት አልነበረም፤ በድግስ ላይ ጨዋታ የሚያደምቅ ሰው መሆን አለመሆኗን ነበር የጠየቃት። ይህች ልጅ በሠርግ ላይ ጭፈራ የምትመራ ናት፤ መልሷ 5 መሆን ነበረበት።

ስለዚህ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ወይም አፍ በፈቱበት ቋንቋ በአጭሩ ይጻፉት። በሌላ አገር ኑሮ የተቀረጸ ሆኖ ካገኙት፣ የዓረፍተ ነገሩን ፍሬ ሳይለውጡ በእርስዎ ኑሮ ውስጥ የሚመስለውን ቦታ ይፈልጉለት። ስለ ድግስ ሲጠየቁ ሠርግን፣ የጎረቤት ቡናን፣ የማኅበር ቀንን፣ የግቢ ጨዋታን ያስቡ። ጓደኛዎ ዓረፍተ ነገሩን እንዲተረጉምልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ መልሱን እንዲመርጥልዎ ግን አይፍቀዱ።

ደረጃ 5፦ በሁሉም ጥያቄ ላይ አንድ ዓይነት መለኪያ ይዘው ይመልሱ

ብዙውን ጊዜ መለኪያው ከ1 እስከ 5 ነው። በደብተርዎ ራስጌ ላይ ይህን ይጻፉ፦ 1 ፈጽሞ አይገልጸኝም፣ 2 እምብዛም አይገልጸኝም፣ 3 በመካከል ነው፣ 4 በመጠኑ ይገልጸኛል፣ 5 በሚገባ ይገልጸኛል። ቀጥሎም ሲመልሱ ያለፉትን 12 ወራት ብቻ ያስቡ። ጊዜውን መወሰን የሚጠቅመው፣ አንዱን ጥያቄ የልጅነት ትዝታ ሌላውን ደግሞ የትናንቱ ነገር እንዳይመልሰው ነው።

በእኛ ዘንድ መልስን የሚያዛባው ዋናው ነገር ይሉኝታ ነው። «ለሰው አዝናለሁ» ለሚለው ከ5 በታች መስጠት ነውር ይመስላል፤ «ከማንም ጋር በቀላሉ አወራለሁ» ለሚለው ደግሞ 5 መስጠት ድፍረት ይመስላል። ወረቀቱን የሚያየው እርስዎ ብቻ እንደ ሆኑ ለራስዎ ይንገሩ፤ ከዚያም «መሆን ያለብኝ ምንድን ነው?» የሚለውን ትተው «ባለፈው ዓመት ያደረግሁት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ምሳሌ ማስታወስ ካልቻሉ 5 አይስጡ።

በአባትዎ ወይም በሽማግሌ ፊት ዝም ማለትዎ ብቻውን ዝምተኛ አያደርግዎትም፤ ያ ሥነ ሥርዓት ነው። ከእኩዮችዎ ጋር፣ በሥራና በክፍል ውስጥ እንዴት እንደ ሆኑ ያስቡ። እንዲሁም 3 ን መሸሸጊያ አያድርጉት፤ ከግማሽ በላይ መልስዎ 3 ከሆነ ውጤቱ ሁሉም ነገርዎ መካከለኛ ነው ከማለት በቀር የሚነግርዎ አይኖረውም።

ደረጃ 6፦ ነጥቡን ራስዎ ያስሉ፣ የተገላበጡትን ጥያቄዎች ይገልብጡ

ድረ ገጹ በራሱ ቢያሰላልዎም ይህን ደረጃ አንድ ጊዜ በእጅዎ ይሥሩት። ቁጥሩ ከእርስዎው መልስ ተደምሮ የመጣ መሆኑን በዓይን ማየት፣ ውጤቱን እንደ ጥንቆላ ከመቀበል ያድናል።

በባለ 20ው ፈተና ውስጥ ተግባቢነትን የሚለኩት አራቱ ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ የሚከተሉት ናቸው፦

– ጥያቄ 1፦ በድግስ ላይ ጨዋታ የማደምቀው እኔ ነኝ።
– ጥያቄ 6፦ ብዙ አላወራም።
– ጥያቄ 11፦ በድግስ ላይ ከብዙ ልዩ ልዩ ሰዎች ጋር አወራለሁ።
– ጥያቄ 16፦ ከኋላ ሆኜ ሳልታይ መቆየት ይቀናኛል።

ጥያቄ 6 እና 16 የተገላበጡ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር የሰጠ ሰው ተግባቢነቱ ዝቅ ያለ ነው። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች የሚገቡት ሳያነብ ሁሉንም 4 ወይም 5 የሚሞላ ሰው ውጤቱ ያለ አግባብ እንዳይነሣ ነው። የሚገለበጡት መልስዎን ከ6 ላይ በመቀነስ ነው። አንድ ሰው በቅደም ተከተል 2፣ 4፣ 3፣ 4 ቢመልስ ጥያቄ 6 ወደ 2፣ ጥያቄ 16 ም ወደ 2 ይለወጣል፤ ድምሩ 2 ሲደመር 2 ሲደመር 3 ሲደመር 2፣ ማለትም 9 ይሆናል። ዝቅተኛው ድምር 4፣ ከፍተኛው 20፣ መካከሉ 12 ስለ ሆነ ይህ ሰው ከመካከሉ በታች ነው። ሳይገለብጥ ቢደምር ኖሮ 13 ያገኝና ከመካከሉ በላይ ነኝ ብሎ ይሄድ ነበር።

አሉታዊ ዓረፍተ ነገሮች ሌላም ችግር አላቸው። «ብዙ አላወራም» ለሚለው ለፍላፊ ሰው 1 መስጠት ሲገባው፣ «አላወራም» የሚለውን ሲያይ በጥድፊያ 5 ይሰጣል። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ከራስ ስም ጋር ጮክ ብሎ ማንበብና «ይህን ስለ እኔ የተናገረ ሰው እውነት ተናግሯል?» ብሎ መጠየቅ ነው። እውነት ከሆነ ከፍ ያለ ቁጥር፣ ሐሰት ከሆነ ዝቅ ያለ ቁጥር ይስጡ።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩን ያንብቡ፤ ፊደሉን ከቁጥሩ በኋላ ያንብቡ

ቁጥሩ የትምህርት ቤት ማርክ አይደለም። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ውጤቱን ሲያሳትም በአንዱ መስመር ላይ 28 አይቶ በቀይ አሰመረበትና «በዚህኛው ወድቄአለሁ» አለኝ። መስመሩ ኒውሮቲሲዝም ነበር፤ 28 ማለት ከብዙዎች ይልቅ የረጋ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩ ምን ዓይነት ቁጥር እንደ ሆነ ይለዩ። «ፐርሰንታይል» የሚል ካለበት፣ 70 ማለት ከሚነጻጸሩዋቸው 100 ሰዎች መካከል 70 ያህሉ ከእርስዎ ያነሰ ነጥብ አላቸው ማለት ነው። ባለ 120ው ፈተና በዚህ መንገድ ከጾታዎና ከዕድሜዎ ክልል ሰዎች ጋር ያነጻጽርዎና የታችኛውን 30 በመቶ ዝቅተኛ፣ መካከለኛውን 40 በመቶ አማካይ፣ የላይኛውን 30 በመቶ ከፍተኛ ብሎ ይጠራል። መነጻጸሪያዎቹ ፈተናውን በእንግሊዝኛ በኢንተርኔት የወሰዱ ሰዎች እንጂ የጅማ ወይም የኢትዮጵያ ወጣቶች አይደሉም፤ ስለዚህ 55 እና 62 የሚሉትን እንደ ልዩነት አይቁጠሩ። 10 ወይም 90 ሲያዩ ግን ልብ ይበሉ።

ባለ አራት ፊደሉ ላይ «62 በመቶ ኢንትሮቨርት» (ኢንትሮቨርት የ«አይ» ፊደል ስም ነው) የሚለው ቁጥር ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሚነግርዎ መልስዎ ከመካከሉ መስመር ወደ አንዱ ወገን ምን ያህል እንዳጋደለ ነው። አብዛኛው ሰው የሚገኘው ከመካከሉ አጠገብ ስለ ሆነ፣ 51 ያገኘውና 49 ያገኘው ሰው መንትያ ሆነው ሳለ የተለያየ ፊደል ይሰጣቸዋል። በአንጻሩ 51 እና 95 ያገኙት ሁለት ሰዎች አንድ ፊደል ይሰጣቸዋል። በዚህ ምክንያት በደብተርዎ ላይ እያንዳንዱን ፊደል ከነቁጥሩ ይጻፉ፤ ከ45 እስከ 55 ያለውን ፊደል ደግሞ በቅንፍ ውስጥ ያስገቡት፣ ትርጉሙም «እዚህ ላይ ሁለቱም ነኝ» ይሁን።

ፊደሉ ለምን ቶሎ እንደሚለወጥ በስሌት ማየት ይቻላል። ፈተናውን ሲደግሙ እያንዳንዱ ፊደል ሳይለወጥ የመገኘቱ ዕድል ከ100 ውስጥ 85 ነው ብለን እናስብ፤ ይህ መልካም ዕድል ነው። አራቱም አንድ ላይ ሳይለወጡ የመገኘታቸው ዕድል ግን 0.85 በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ 0.52 ይሆናል። ከሁለት ሰዎች አንዱ ያህል ሁለተኛ ሲወስድ ሌላ «ዓይነት» ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ሰውየው አልተለወጠም።

ደረጃ 8፦ የተጻፈልዎትን መግለጫ በመቀስ ይፈትኑ

እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቡና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጥቶ፣ ለእያንዳንዳቸው «የግልህ ውጤት» ብሎ መግለጫ አደላቸው፤ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 እንዲያርሙት ሲጠይቃቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ለሁሉም የታደለው ያው አንድ ጽሑፍ ነበር። «አንዳንድ ጊዜ ተግባቢ ነህ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ራስህን ትቆጥባለህ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንን አይገልጽም? መግለጫው ልክ እርስዎን መምሰሉ ብቻውን ፈተናው ልክ ለመሆኑ ማስረጃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። የራስዎን መግለጫና የሌሎች ሦስት ዓይነቶችን መግለጫ ያትሙ፤ ከሦስቱ አንዱ ከእርስዎ ጋር በአራቱም ፊደል የሚቃረን ይሁን። ርእሱንና ፊደላቱን በመቀስ ቆርጠው ያውጡ፤ በጽሑፉ መሐል ያሉትንም በእስክርቢቶ ያጥፉ። ወረቀቶቹን አደባልቀው ለሚያውቅዎ ጓደኛ ይስጡና «እኔ የቱ ነኝ?» ብለው ይጠይቁት። በሱቄ ጠረጴዛ ላይ ይህን ያደረጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይከራከራሉ፤ ጓደኛው ያነሣው የሌላ ሰው መግለጫ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ራሱ «እሱም እኮ እኔን ይመስላል» ይላል። ከዚህ በኋላ የራስዎን መግለጫ መልሰው ያንብቡና ለማንም ሊባል የሚችለውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይሰርዙ። የሚቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሊጠቅሙዎት የሚችሉት ናቸው።

ደረጃ 9፦ ሌላ ሰው ስለ እርስዎ ይሙላው

ያንኑ መጠይቅ ጓደኛዎ ስለ እርስዎ እያሰበ ለብቻው ይሙላ፤ የእርስዎን መልስ አስቀድሞ አያሳዩት። ተግባቢነትን የመሰለ በውጭ የሚታይ ባሕርይ ላይ የጓደኛ ዓይን ጥሩ ነው፤ በውስጥ የሚቀመጥ ጭንቀት ላይ ግን እርስዎ ከእርሱ ይልቅ ያውቃሉ። ሁለታችሁ በአንድ ጥያቄ ላይ በ2 ወይም ከዚያ በላይ ከተለያያችሁ፣ ያን ጥያቄ ብቻ አንሥታችሁ ቡና እየጠጣችሁ ምሳሌ ተጠያየቁ። በእኔ ልምድ ከፈተናው ሁሉ የሚበልጠው ትርፍ የሚገኘው ከዚህ ጭውውት ነው።

ደረጃ 10፦ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይተው ይድገሙት

የቀድሞ መልስዎን ሳያዩ ያንኑ ፈተና፣ በዚያው ቋንቋ ይውሰዱ። ሁለቱንም ውጤቶች ከነቀናቸው ጎን ለጎን ይጻፉ። ስብዕና በሁለት ወር የሚገለበጥ ነገር ስላልሆነ፣ ትልቅ ልዩነት ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት የዕለቱን ስሜት ወይም ያልተረዱትን ጥያቄ ይሁን። በሁለቱም ጊዜ ተመሳሳይ ሆኖ የተገኘውን ብቻ የእኔ ነው ብለው ይያዙት።

ማስጠንቀቂያዎች

የግል መረጃ። ፈተናው የፌስቡክ መግቢያዎን፣ የስልክ ቁጥርዎን ወይም የጓደኞችዎን ዝርዝር ከጠየቀ ያቋርጡት። በ2018 እ.ኤ.አ. እንደ ተገለጸው፣ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ የወጣው በአንድ የስብዕና መጠይቅ በኩል ነበር፤ አብዛኞቹ መጠይቁን ራሳቸው የሞሉ አልነበሩም፣ የሞሉት ሰዎች ጓደኞች ነበሩ። በቴሌግራም በሚዞሩ መጠይቆች ላይም ይኸው ጥንቃቄ ይሠራል።

ክፍያ። ጥያቄዎቹን በሙሉ ካስሞላ በኋላ «ሙሉ ውጤቱን ለማየት ይክፈሉ» የሚል ብዙ አለ። አንድ ደንበኛዬ ለማያውቀው ሰው በቴሌብር ከከፈለ በኋላ የደረሰው ከነጻ ድረ ገጽ የተገለበጠ መግለጫ ነበር። ነጻው እያለ አይክፈሉ።

ጤና። እነዚህ ፈተናዎች ሕመም አይመረምሩም። ኒውሮቲሲዝም ከፍ ማለቱ በሽታ አይደለም፣ ዝቅ ማለቱም የጤና ማረጋገጫ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ የማይለቅ ሐዘን ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ፈተና መሙላቱን ትተው ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ በከተማችን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

ቅጥር። ቀጣሪ በአራቱ ፊደላት ሠራተኛ ልምረጥ ቢልዎ፣ የማየርስ ብሪግስ ፈተና ባለቤቶች ራሳቸው ለቅጥር ምርጫ እንዳይውል እንደሚያሳስቡ ይንገሩት።

የተለመዱ ስሕተቶች

«ኢንትሮቨርት» የሚለውን ዓይን አፋር ብሎ መተርጎም። ዓይን አፋር ሰውን ይፈራል፤ ኢንትሮቨርት ግን ሳይፈራ ለብቻው መሆንን ሊመርጥ ይችላል። መድረክ ላይ በድፍረት የሚያስተምሩ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ግን በራቸውን ዘግተው የሚያርፉ መምህራን አሉ።

«ቲ» የወጣለትን ጨካኝ፣ «ኤፍ» የወጣለትን የማያስብ አድርጎ ማየት። ፊደሉ የሚናገረው በውሳኔ ጊዜ የቱን እንደሚያስቀድሙ ነው፤ የማሰብ ችሎታን አይለካም።

ውጤትን ለስንፍና ማመካኛ ማድረግ። «እኔ ፒ ስለ ሆንኩ ነው አሳይንመንት የማዘገየው» የሚል ሰው መጀመሪያ ማዘግየቱን ነበር በመጠይቁ ላይ የጻፈው፤ ፈተናው ያንኑ በፊደል መለሰለት እንጂ ምክንያቱን አልነገረውም።

በፊደል ጋብቻ መወሰን። እጮኛሞች ሁለት ወረቀት ይዘው መጥተው «እንስማማለን?» ሲሉኝ፣ ደረጃ 9 ን አሠራቸዋለሁ፤ ስለ መስማማታቸው ከፊደሉ ይልቅ አንዱ ስለ ሌላው የሞላው ወረቀት ብዙ ይናገራል።

የሚፈልጉት ፊደል እስኪወጣ ድረስ ፈተናውን መደጋገም። በተለይ «አይ ኤን ኤፍ ጄ» ብርቅ ነው የሚባል ወሬ ከተሰማ ወዲህ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ የወሰደ ሰው አውቃለሁ። ከመጀመሪያው በኋላ ያሉት ሁለቱ መልሶች ስለ ምኞቱ እንጂ ስለ እርሱ አልነበሩም።

የተለያዩ ፈተናዎችን ውጤት ማነጻጸር። በባለ 20ው ያገኙትን ቁጥር ባለ 120ው ከሰጠዎት ጋር፣ ወይም ባለ አራት ፊደሉን መቶኛ ከፐርሰንታይል ጋር አያስተያዩ። መለኪያዎቹ የተለያዩ ስለ ሆኑ የሚያዩት ልዩነት የፈተናዎቹ ነው። ደብተርዎ ላይ ከእያንዳንዱ ውጤት አጠገብ የፈተናውን ስም፣ የጥያቄውን ብዛት፣ የወሰዱበትን ቋንቋና ቀኑን ይጻፉ፤ ይህ ሳይጻፍበት የቀረ ወረቀት ይዘው ከመጡ እኔም ምን ማለት እንደ ሆነ ልነግርዎ አልችልም።